የማይዘፍን ባርድ

ባርድ ሲባል ብዙ ተጫዋች ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ባለ አውታር መሣሪያውን በትከሻው ያነገተ፣ መጠጥ ቤት ሲገባ ቤቱን የሚያደምቅ፣ ምላሱ የተሳለ። ይሄን ሰው እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜም ተጫውቼዋለሁ። ግን ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ሌላውን ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠውን። ሌላው ሲጨፍር ዝም ብሎ የሚያየውን፣ ሁሉም ሲተኛ ሻማ አብርቶ ያየውን የሚጽፈውን።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ እኛ ዲኤንዲ የምንለው፣ በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህሪ ይይዛል። አንዱ ዲኤም ይሆናል፤ ዓለሙን የሚተርከው፣ ጠላቱንም ወዳጁንም ሆኖ የሚናገረው እሱ ነው። ይሳካ አይሳካ ያልታወቀውን ነገር ዳይስ ይወስናል። ባርድ ከገጸ ባህሪ ዓይነቶቹ አንዱ ነው፤ አስማቱ በቃልና በዜማ ነው። በአሁኑ ሕግ 3ኛ ሌቭል፣ ማለትም ሦስተኛው የብቃት ደረጃ፣ ሲደርስ ኮሌጅ ይመርጣል። ኮሌጁ ምን ዓይነት ባርድ እንደሚሆን ይወስናል። ኦፊሴላዊ ያልሆነ ኮሌጅ ራሳቸው የሚፈጥሩ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ።

ጸሐፊ ባርድ መፍጠር ሲታይ ቀላል ነው። መሣሪያውን ወስደህ ብዕር ትሰጠዋለህ፣ አለቀ። ያየኋቸው አብዛኞቹ ሙከራዎች እንደዚያ ናቸው። ባርዱ ውጊያ መሃል ብዕሩን አየር ላይ ያወናጭፋል፣ የሚያበራ ፊደል ይወጣል፣ ጠላት ይወድቃል። ያምራል። ግን ይሄ ብዕር የያዘ ዘፋኝ ነው። የመጻፍ ጠባይ አንዱም የለበትም።

በጨዋታው ሕግ የውጊያ አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው። በ6 ሰከንድ አንድ ስንኝ ይዜማል። ስድብም ይወረወራል። ጽሑፍ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ጽሑፍ ይሰረዛል፣ ይደለዛል፣ አንዳንዴም ያድራል። ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ጸሐፊው በሌለበት ነው። ዘፋኝ ዘፈኑ እንዲሠራ እዚያው መገኘት አለበት። ጸሐፊው ሲጽፍ ግን አንባቢው የለም፤ አንባቢው ሲያነብ ጸሐፊው የለም። ለኔ የነገሩ እምብርት ይሄ ነው። ጸሐፊ ባርድ የሚሠራ ሰው ከዚህ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ። የዚህ ባርድ ኃይል በሌለበት ቦታ መሥራት አለበት።

ይሄ ሐሳብ ከባርድ ታሪክ ጋር ይጋጫል። ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ባርድ በጨዋታው ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1976፣ አሳታሚው ያወጣት በነበረች ትንሽ መጽሔት ላይ ነው። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ አባሪ ውስጥ ገባ። ያኔ ባርድ መሆን መከራ ነበር። መጀመሪያ ተዋጊ ትሆናለህ። ከዚያ ሌባ። ባርድነትን የምትማረው ከሁሉም በኋላ ነው፣ ያውም ድሩይዶች፣ የጥንት ኬልቶች ካህናት፣ ዘንድ ሄደህ። ኮሌጅ የሚባለው ነገርም ያኔ ነበረ። ፎክሉካን፣ ዶስ፣ ክሊ፣ ኦላቭ የሚሉት ስሞች ከጥንት የአየርላንድ ባለቅኔዎች ማዕረግ የተወሰዱ ናቸው።

ድሩይዶች ደግሞ ትምህርታቸውን አይጽፉም። ጁሊየስ ቄሳር ስለ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ሕዝቦች ሲያትት ይሄን መዝግቦታል። አንዳንዱ ተማሪ እስከ 20 ዓመት ይማራል፤ ብዙ ግጥም በቃሉ ይይዛል። ለሌላው ጉዳይ የግሪክ ፊደል ይጠቀማሉ። ትምህርቱን መጻፍ ግን ክልክል ነው። ቄሳር ለምን እንደሆነ ሲገምት ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው ትምህርቱ ወደ ተራው ሕዝብ እንዳይወጣ ነው። ሁለተኛው ተማሪው ጽሑፉን ተማምኖ ማስታወሱን እንዳይተው ነው።

እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ስታስቧቸው የጸሐፊ ባርድ ግማሽ ሥራ እዚያ አለቀ ማለት ነው። የተጻፈ ነገር ከእጅ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። የጻፈው ሰውም ካልጻፈው በተለየ መንገድ ያስታውሳል። ድሩይዶቹ የፈሩት ነገር ሁሉ የዚህ ባርድ ጉልበት ነው፤ አደጋውም እሱ ነው። አንድ ገጸ ባህሪም ወዲያው ይወለዳል፦ አሥር ዓመት በቃሉ የተማረውን አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈ፣ ሲነቃበት የተባረረ ተማሪ። ጥራዙ በቦርሳው ውስጥ አለ። መምህራኑ ይፈልጉታል።

ከአየርላንድ አፈ ታሪክ ደግሞ ይቺን እወዳታለሁ። ካይርብሬ የሚባል ባለቅኔ ወደ ንጉሥ ብሬስ ቤት ይመጣል። ንጉሡ ቆንቋና ነው። ጠባብና ጨለማ ክፍል ይሰጠዋል፣ ደረቅ ቂጣ ያቀርብለታል። ባለቅኔው ጠዋት ሲወጣ ጥቂት የስላቅ ስንኞች ይናገርበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የንጉሡ ነገር ወደ ታች ሆነ። ብዙ ዲኤም የባርድን ስድብ ጠላትን እንደሚያቆስል ጥቃት ብቻ ነው የሚያየው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ስንኙ ንጉሥን ከዙፋኑ የሚያነቃንቅ ነገር ነው። አሁን ካይርብሬን ጸሐፊ አድርጉት። ስንኙን ግቢው በር ላይ ለጥፎ፣ ሲነበብ እሱ ሦስት ከተማ አልፎ ሄዷል። ንጉሡ የሚቀጣውን ሰው አጥቶ ወረቀት ይቀዳድዳል። ወረቀቱ ግን ተገልብጧል። ሌላ በር ላይም አለ።

አሁን ካሉት ኮሌጆች ውስጥ ጸሐፊን ፈልጌ አላገኘሁም። የ2014ቱ የሎር ኮሌጅ ዕውቀት ሰብሳቢ ነው። በ2020 የመጡት የኤሎክወንስና የክሪኤሽን ኮሌጆች አንዱ ለንግግር አንዱ ለፈጠራ ናቸው። በ2021 የመጣው የስፒሪትስ ኮሌጅ ከሙታን ተረት ይቀበላል፤ ይሄኛው በጣም ይቀርባል፣ ግን አሁንም የሚናገር ሰው ነው። በ2024 ዳንስ ገባ። ጽሑፍን ዋና ያደረገ አንድ ሰብክላስ (ኮሌጅን የመሰለ ንዑስ ዓይነት) አለ፤ እሱም የባርድ ሳይሆን የዊዛርድ፣ ከመጽሐፍ የሚማረው አስማተኛ፣ ነው። ኦርደር ኦፍ ስክራይብስ ይባላል፣ በ2020 ነው የወጣው። የአስማት መጽሐፉ ነፍስ ይዘራል። ጥሩ ሰብክላስ ነው። ግን ዊዛርዱ የሚጽፈው ለራሱ ነው። ድግምት ይገለብጣል፣ ያጠናል፣ መልሶ ይጠቀምበታል። ባርድ የሚጽፈው ግን ለሰው ነው። በሁለቱ መሃል ትልቅ ገደል አለ።

ድግምቶቹም ውስጥ ፍንጭ አለ። ግሊፍ ኦፍ ዋርዲንግን ውሰዱ። ባርድ ሊማረው ይችላል። ምልክት ትጽፋለህ፣ ሰው ሲነካው ወይም ሲከፍተው ይፈነዳል። መጽሐፍ ውስጥም ይጻፋል። ግን መጽሐፉ ከተጻፈበት ቦታ ከ10 ጫማ በላይ ከተንቀሳቀሰ ድግምቱ ይፈርሳል። እንግዲህ ሊላክ የማይችል ጽሑፍ ምን ጽሑፍ ነው? ይሄ አጥር ላይ የተቸነከረ ማስጠንቀቂያ ነው። ኢሉዘሪ ስክሪፕት የተሻለ ነው፤ ለተመረጠለት ሰው ብቻ ትክክለኛው ቃል ይታያል፣ ሌላው ሌላ ነገር ያነባል። ለ10 ቀን ይቆያል። ሴንዲንግ ደግሞ ለሩቅ ሰው እስከ 25 ቃል መልእክት ያደርሳል። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ሴንዲንግ ሲጠቀም ልብ ብላችሁ እዩ። በጣቱ ይቆጥራል። «እባክህ» የሚለውን ይሰርዛል። «ቶሎ» የሚለውን ይተወዋል። ያቺ ቅጽበት መጻፍ ናት። ጨዋታው ውስጥ እንደዚያች ዓይነት ቅጽበት እንዲበዛ ነበር የፈለግኩት።

ከዚያ ዋናውን የባርድ መሣሪያ ማየት ነበረብኝ። ባርድ ለጓደኛው ማነቃቂያ ይሰጣል። ጓደኛው አንድ ዳይስ ያገኛል፤ ሲጨንቀው ይጥለውና ቁጥሩን በውጤቱ ላይ ይደምራል። ዳይሱ መጀመሪያ ባለ 6 ገጽ ነው፣ ከሌቭል ጋር እያደገ ባለ 12 ይደርሳል። በ2014ቱ ሕግ ተቀባዩ በ60 ጫማ ውስጥ ሆኖ ባርዱን መስማት አለበት። ዳይሱም ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። በ2024ቱ እትም «ማየት ወይም መስማት» ተባለ፣ ጊዜውም 1 ሰዓት ሆነ። ማየት መጨመሩ በሩን በትንሹ ከፈተው። እኔ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ልከፍተው ፈለግኩ።

የሠራሁትን የደብዳቤዎች ኮሌጅ ብዬዋለሁ። 3ኛ ሌቭል ላይ የሚያገኘው እንዲህ ይሠራል። ባርዱ ረጅም እረፍት ሲያደርግ ደብዳቤ ይጽፋል። እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ማነቃቂያ ይይዛል። ለማን እንደሆነ ስሙ ይጻፍበታል። ባለ ስሙ ከፍቶ ሲያነበው ዳይሱን ያገኛል። የ60 ጫማ ነገር የለም። መስማትም ማየትም የለም። ሳይለንስ የሚባለው ድምፅ የሚያጠፋ ድግምት ሌላውን ባርድ አፉን ይዘጋዋል፤ ደብዳቤ ግን እዚያም ውስጥ ይነበባል። የጊዜ ገደብም የለም። ዛሬ የተጻፈ ደብዳቤ ከወር በኋላ ሊከፈት ይችላል።

ዋጋው እዚህ ጋ ይመጣል። ደብዳቤው እስኪከፈት ወይም እስኪቃጠል ድረስ ያ ማነቃቂያ ወደ ባርዱ አይመለስም። እረፍት ቢያደርግም አይመለስም። አራት ማነቃቂያ ያለው ባርድ ሁለት ደብዳቤ ከሰጠ፣ ደብዳቤዎቹ እስካልተከፈቱ ድረስ በየቀኑ የሚኖረው ሁለት ብቻ ነው። ከራሱ ቀንሶ ነው ሰው ኪስ ውስጥ ያስቀመጠው። ስለዚህ ለማን እንደሚጽፍ ያስባል። ቡድኑ ውስጥ ማን ብቻውን እንደሚቀር፣ ማን ቀድሞ እንደሚሮጥ፣ ማን እንደከፋው ያያል። ሌላው ባርድ ውጊያ ውስጥ የሚያስበውን ይሄኛው ከቀናት በፊት ያስበዋል።

አንድ ነገር ጨመርኩበት። ባርዱ ከደብዳቤው ውጪ አንድ መስመር ይጽፋል፤ መቼ እንደሚከፈት። «ስትጠራጠሪ ክፈቺው።» «ሁሉም ሲሸሽ ክፈተው።» አንባቢው በትክክል በዚያ ሰዓት ከከፈተው ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። ሰዓቱ ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ዲኤሙም ባርዱም አይወስኑም። የሚወስነው አንባቢው ነው። ለሱ የተጻፈ መሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይሄ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ያየሁበትን ማታ ላውራችሁ። ያኔ ገጸ ባህሪዎቻችን 5ኛ ሌቭል ነበሩ። ጸሐፊዋ ሚራ ትባላለች። ተይዛ ምሽጉ ስር ካለ እስር ቤት ገብታለች። የተቀሩት ውጪ፣ ድልድይ ላይ፣ ጥሩ ያልሆነ ውጊያ ውስጥ ናቸው። ቦርን የሚባል ድዋርፍ (ከአጫጭሮቹ ዘር የሆነ) ተዋጊ አለ። የቦርን ታሪክ እንዲህ ነው፦ ከዓመታት በፊት ወንድሙ ድልድይ ላይ ሞቶበታል፤ እሱ ሮጦ አምልጧል። ሚራ ይሄን የሰማችው አንድ ሌሊት እሳት ዳር ነው። ሌሎቻችን ረስተነዋል። እውነት ለመናገር ቦርንን የሚጫወተው ጓደኛችን ራሱ የረሳው ይመስለኛል።

ጠላት አስማት ለቀቀበት። ፍርሃት ነው። ካልተሳካለት መሣሪያውን ጥሎ ይሮጣል። ዳይሱን ጣለ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር መጣ። ዲኤሙ ውጤቱን ከመናገሩ በፊት ጓደኛችን ከኪሱ ወረቀት አወጣ። እውነተኛ ወረቀት ነው፣ አራት ቦታ የታጠፈ። እኛ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤዎቹን በእጃችን እንጽፋቸዋለን። ከውጪ «እግርህ መሮጥ ሲፈልግ ክፈተው» ይላል። ከፈተው። ውስጡ ሁለት መስመር ነው። «ያኔ ድልድዩ ላይ ብቻህን ነበርክ። አሁን አይደለህም።»

ጮክ ብሎ አላነበበውም። መጀመሪያ ለራሱ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን ለሁላችንም አሳየን። ባለ 8 ገጽ ዳይሱን ሁለቴ ጣለ፤ 2 እና 7። 7ቱን ወሰደ። ቦርን ቆመ።

ወዲያው ዲኤሙ ወደ ሚራ ዞረ። እሷን የያዘችው ጓደኛችን ለረጅም ሰዓት ምንም ሳትሠራ ነበር የተቀመጠችው፤ ሰንሰለት ላይ ነች፣ ከውጪ ምን እንዳለ አታውቅም። «አንድ ማነቃቂያ ተመለሰልሽ» አላት። ደብዳቤው ተከፍቷላ። እሷም እንደ ተጫዋች ሁሉን ሰምታለች፤ እንደ ሚራ ግን የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዋ ከባድ ቦታ ላይ ነው፣ የጻፈችለትንም አንብቧል። ሕጉን ስጽፍ የማነቃቂያው መመለስ ሂሳብ ማስተካከያ ነበር። በዚያች ማታ ግን ዜና ሆነ። ሚራ የተመለሰላትን ዳይስ አጠገቧ ለታሰረው ሽማግሌ ሰጠችው፤ ሰንሰለቱን ለመስበር ይታገል ነበር። ከእስር ቤቱ የመውጣቱ ነገር የተጀመረው ከዚያ ነው።

6ኛ ሌቭል ላይ ምን ይሁን የሚለው ብዙ ክርክር አስነስቷል። ብዙ ሰው ያቀረበልኝ ሐሳብ መሰረዝ ነበር። ባርዱ የሆነውን ነገር ይሰርዛል፣ ትዕይንቱ እንደገና ይጻፋል። አልተቀበልኩትም። ጠረጴዛው ላይ የሆነው ነገር የሁሉም ነው። አንዱ ተጫዋች ጨክኖ የወሰነውን ሌላው በብዕር ቢያጠፋው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ጨክኖ አይወስንም።

በምትኩ መዝገብ ሰጠሁት። ባርዱ ስለ አንድ ፍጡር አንድ ገጽ ይጽፋል። ለመጻፍ ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ ስሙን፣ እና ስለሱ አንድ እውነት። እውነቱ ከጨዋታው ውስጥ የተገኘ መሆን አለበት። አይቶት፣ ጠይቆት፣ ወይም ከሰው ሰምቶት። ያ ፍጡር አንድ ነገር ሲሳካለት ባርዱ አንድ ማነቃቂያ ከፍሎ ከገጹ ላይ አንድ መስመር ይሰርዛል። ፍጡሩም ዳይሱን እንደገና ይጥላል። በገጹ ላይ ያለው መስመር ካለቀ አለቀ፤ ሌላ እውነት ማግኘት አለበት።

ያመጣው ለውጥ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሰዎች ጠላታቸውን መጠየቅ ጀመሩ። የሽፍቶቹ አለቃ ለምን በግራ እጁ ብቻ ይበላል? ድራጎኑ ያቺን አንዲት ሳንቲም ለምን ከክምሩ ለይቶ አስቀመጣት? ድሮ አንድ ጎብሊን፣ ያ ትንሹ ጭራቅ፣ ስሙን ሳንጠይቀው ይሞት ነበር። ለመሰረዝ ሲባል እንኳ መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ ግድ ሆነ። ይሄ እንግዲህ ጸሐፊ ከሚሠራው ሥራ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

14ኛ ሌቭል ላይ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ጥቂት ጠረጴዛ ብቻ ነው እዚያ የሚደርሰው። ባርዱ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ጉዳይ ጽሑፍ ያወጣል። ጽሑፉ እየተገለበጠ ከተማውን ይሞላል። በ10 ቀን ውስጥ ስለዚያ ሰው የሚያስበው ሕዝብ ሁሉ በጽሑፉ በኩል ነው የሚያስበው። የተጻፈለት ሰው በየደጁ ይከበራል፤ የተጻፈበት ሰው በየደጁ ይገፋል። ግን ባርዱ መልሶ ሊሰበስበው አይችልም። ዲኤሙ ደግሞ አንድ መብት አለው፦ ጽሑፉን ባርዱ ባላሰበው መንገድ የተረዳ አንድ ወገን ይመርጣል። ያ ወገን ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። ምን እንደሚያደርግ ዲኤሙ ያውቃል። ይሄን መብት ሳሳያቸው የተከፉ ተጫዋቾች አሉ፤ ኃይላችንን መልሰህ ወሰድክብን ይሉኛል። እኔ ግን ያለዚህ ሕጉ ውሸት ይመስለኛል። ጽሑፉን ለሕዝብ ሰጥቶ ትርጉሙን ለራሱ ያስቀረ ጸሐፊ የለም።

አሁን ከሕጉ ልውጣና ስለ ተጫዋቾች ላውራ። ይሄን ኮሌጅ ሳቀርብ ብዙ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው። «እኔ መጻፍ አልችልም።» ባርድ ዘፋኝ ሲሆን ማንም እንዲህ አይልም። ድምፁ የማያምር ሰው ዘፋኝ ባርድ ይጫወታል፤ «እዘፍናለሁ» ይላል፣ ዳይሱን ይጥላል፣ ያልፋል። መጻፍ ላይ ሲደርስ ግን ሰው ይፈራል። ትምህርት ቤት የቀይ እስክሪብቶ ነገር ያስታውሰዋል መሰለኝ። ስለዚህ ጠንካራ ሕግ አውጥቻለሁ። ላማረ ጽሑፍ ምንም ተጨማሪ ነገር አይሰጥም። ዲኤሙ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ሁለት ጨምር» ማለት አይችልም። እንዲህ የሚያደርጉ ዲኤሞች አሉ፣ በቅንነትም ነው የሚያደርጉት። ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። ቃል የሚቀናው ተጫዋች ይጠነክራል፣ ቃል የማይቀናው ዝም ይላል።

መጻፍ ያልፈለገ ሰው አይጽፍም። ሥዕል መሣል ይችላል። «ስለ እናቱ ጽፌለታለሁ» ብሎ በቃል መናገርም ይበቃል። ካየኋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ አንዱ ምንም ቃል አልነበረበትም፤ የቡድኑ አባላት በሙሉ በክብ ተሥለው መሃል ላይ አንድ ክፍት ቦታ ነበር። የተጻፈላት ገጸ ባህሪ ቡድኑን ጥላ የሄደችው ነበረች። ተመለሰች።

ገጸ ባህሪ ስትፈጥሩ ደግሞ ታዋቂ ደራሲ አታድርጉት። ታዋቂ ደራሲ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት ሐሳብ ነው። እኔ በጣም የምወደው ለሰው ደብዳቤ የሚጽፈውን ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በበዙበት ከተማ ገበያ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠውን። ሰዎች እየመጡ ይነግሩታል፣ እሱ ይጽፋል። ወታደሩ ለሚስቱ። እናት ለጠፋ ልጇ። ባለ ዕዳ ላበደረው። ይሄ ሰው የከተማውን ምስጢር ሁሉ ያውቃል፤ አንዱም የሱ አይደለም። በሌላ ሰው አንደበት መጻፍ ይችላል። አንድ ቀን አንዲት ሴት መጥታ የምትለውን ስታጣበት «አንተ እንደሚመስልህ ጻፈው» ትለዋለች። ይጽፋል። ከወራት በኋላ መልስ ይመጣል፤ መልሱ የመጣው ሴትየዋ ሳትሆን እሱ ለጻፈው ቃል ነው። ጀብዱው ከዚህ ይጀምራል። ስሙን ለማያውቀው ሰው ፍቅር ይዞት፣ ወይም የጻፈው አንድ ቃል ጦርነት አስነስቶ፣ ወይም መልሱ ከሞተ ሰው የመጣ ሆኖ። ዲኤም ከሆናችሁ ከነዚህ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ለተጫዋቹ ስጡት፤ ለብዙ ጊዜ ይበቃችኋል።

ማንበብ የማይችል ገጸ ባህሪ ቡድን ውስጥ ካለስ? ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ደብዳቤው ለሱም ይጻፋል። ሌላ ሰው ያነብለታል። አንባቢው ጓደኛ ስለሆነ ዳይሱ ይሠራል፤ ግን አሁን ምስጢሩን ሁለት ሰው ያውቀዋል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ግዙፉ ባርባሪያን፣ በቁጣ የሚዋጋው ተዋጊ፣ ደብዳቤውን ማን ያንብብልኝ ብሎ ሲመርጥ ውጊያው ለጥቂት ደቂቃ ቆመ። የመረጠው የተጣላውን ሌባ ነው።

አንድ ያልተቋጨ ክርክር አለን። ባርዱ ቢሞትስ? ያልተከፈቱት ደብዳቤዎች ምን ይሆናሉ? አንዳንዶቹ ጓደኞቼ ኃይሉ አብሮት ይሙት ይላሉ። ሚዛን ይዛባል የሚል ስጋት አላቸው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በሕጉ በአንድ ጊዜ ውጪ ሊኖሩ የሚችሉት ደብዳቤዎች በፕሮፊሸንሲ ቦነስ፣ ከሌቭል ጋር በሚያድገው የብቃት ቁጥር፣ የተወሰኑ ናቸው። 3ኛ ሌቭል ላይ 2 ናቸው፤ 17ኛ ሌቭል ላይ እንኳ 6። ስድስት ዳይስ የአንድን ሙሉ ዘመቻ ሚዛን አያዛባም። ባርዱ በጸሐፊነቱ መጻፍ የጀመረውም ለዚህ ቀን ነው። ስለዚህ የራሴ ቅጂ ላይ እንዲህ ብዬ አስፍሬዋለሁ፦ ባርዱ ቢሞት ያልተከፈቱ ደብዳቤዎቹ እንደጸኑ ይቆያሉ። ተጫዋቹም አዲስ ገጸ ባህሪ ይዞ ሲመጣ፣ ጓደኞቹ ኪስ ውስጥ ያለውን የራሱን ጽሑፍ እንዲከፍቱ መወትወት አይፈቀድለትም።